ጆሮና አንጎል እስኪታረቁ ስለምትጠብቀው እህቴ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን አብዝቶ ይስጥዎ እላለሁ፤ እኛ ቤት የጎደለው ጤና እርስዎ ዘንድ ተርፎ ቢገኝ ደስታችን ነው።

እኔ የልብስ ሰፊዋ ታላቅ ወንድም ነኝ። እህቴን ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ያሠቃያታል። ባለፈው ዓመት የነርቭ ሐኪሟ ጆሮዋን ቆንጠጥ አድርጎ የሚይዝ ትንሽ መሣሪያ ሰጧት፤ ያለ ቢላ፣ ያለ ስፌት፣ ቆዳዋን በስሱ እየነዘረ ከጆሮ ወደ አንጎል መልእክት የሚያደርሰውን ቬገስ የተባለ ነርቭ ያነቃቃል። ሐኪሟ የአንጎሏን ሞገድ በፊትና በኋላ አንሥተው አሳዩን፤ እንደ መጋዝ ጥርስ የነበረው መስመር ረገብ ብሏል። ለሁሉም ይሠራል አላሉንም። እሷን ግን በሳምንት ሁለቴ ይጥላት የነበረው በአራት ወር አንዴ ብቻ ጣላት። ብቻዋን ገበያ ወጥታ ክር መርጣ የተመለሰች ቀን እናታችን በር ላይ ቆማ አለቀሰች።

ከዚያ ደግነትዎ ደረሰን፦

፩. ሽቦው ተበጥሶ ብናመጣው በአንድ ቀን ተጠገነ። እርስዎ ግን «ንብረትነቱ የጆሮ ክፍል ነው ወይስ የአንጎል ክፍል?» የሚል ጥልቅ ጥያቄ ስላነሡ እናመሰግናለን። የጆሮ ክፍል «ሕመሙ የአንጎል ነው» አለን፤ የአንጎል ክፍል «የሚሰካው ጆሮ ላይ ነው» አለን። ነርቩ የሚያልፍበት አንገት ደግሞ የራሱ ክፍል ስለሌለው መሄጃ አጣን።

፪. እስኪወሰን ድረስ መሣሪያው ቢሮዎ እንዲቀመጥ ስላዘዙ እናመሰግናለን። ሐኪሟ ሦስት ጊዜ ጻፉልዎ፤ ሦስቴም «ይታያል» ተባሉ። አሁን ሌላ ሆስፒታል ሥራ ገብተዋል። ሲሰናበቱን ዓይናችንን ማየት አልቻሉም።

፫. በሰባተኛው ሳምንት እህቴ የጋለ ካውያ እንደያዘች ወደቀች። ክንዷ ተቃጠለ። ስትነቃ መጀመሪያ ያለችው «የሰው ልብስ አቃጠልኩ እንዴ?» ነው። ለዚህኛው የሚሆን ምስጋና ፈልጌ አጣሁ።

ዛሬ እናታችን ከጎኗ አትለይም፤ መቀስ እንኳ አታስነካትም። ደንበኞቿም ጨርቃቸውን ሳይሰፋ አንድ በአንድ ወስደዋል።

የእርስዎ ጊዜ ውድ መሆኑን ስለማውቅ፣ በእህቴ ጊዜ ግን የሚያዙት እርስዎ ስለሆኑ፣ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

ለመጠበቅ የተፈጠረ አክባሪዎ፣
የልብስ ሰፊዋ ወንድም

በኋላ የሰማሁት፦ መሣሪያውን በመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ አድርገው «ዘመናዊ ሕክምናችን» እያሉ ለእንግዶች ያሳያሉ አሉ። እንግዶቹ «ማንን ፈወሰ?» ብለው ከጠየቁ አድራሻችንን ይስጧቸው። በሩን እህቴ ራሷ ትከፍትላቸዋለች፤ የዚያን ቀን ካልጣላት።