አሮጌው ዲስክ ሀይሌ ጋርመንት ቀረ

ለውድ እህቴ ለውዳሴ፣

የሐዋሳ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን፤ የእማዬም ጉልበት ተሽሎታል።

ትተሽልኝ የሄድሽው ላፕቶፕ ለመነሳት ሩብ ሰዓት ይፈጅ ስለነበር ሀይሌ ጋርመንት አንድ ኮምፒውተር ሠሪ ጋ ወሰድኩት። ኤስኤስዲ የሚሉት አዲስ ፈጣን ዲስክ ገባለት፤ አሁን ወዲያው ይነሳል። ሰውየው ግን ያስጠላል። ሳምቡሳ በበላበት እጁ ኪቦርዱን ነካካው፣ ከዚያ ጣቱን ልሶ ስክሪኑን ጠረገው። ቤት ወስጄ ሦስቴ በሶፍት ወለወልኩት፤ አሁንም ስነካው ይቀፈኛል።

"ዊንዶውስሽን ከነፋይሉ ወደ አዲሱ አዛውሬዋለሁ። አሮጌው ዲስክ ምን ያደርግልሻል? እኔ ጋ ይቅር" አለኝ። ሰው ቤት ሲለቅ ቤቱ ባዶ ይቀር የለ? እንደዚያ መስሎኝ እሺ አልኩት።

ትናንት በሱቁ ሳልፍ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ "ሚኩዬ፣ ለካ ዘፈን ትችያለሽ! ለእኛም በያ" አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔ አንቺ በላፕቶፑ ስትቀርጪኝ ካልሆነ በቀር ሰው ፊት ዘፍኜ አላውቅም። እማዬም ከመዝሙር ሌላ የማውቅ አይመስላትም። ዛሬ በሱቁ ላለማለፍ በሀና ማርያም ዞሬ ገባሁ፤ "ምን አስቆየሽ?" ስትለኝ ታክሲ ጠፋ አልኳት።

ፋይል ሲዛወር የድሮውም ላይ ይቀራል እንዴ? ለፋሲካ ስትመጪ ቤት ሳትገቢ ጋርመንት ውረጂና ዲስኩን ተቀበዪው። አንቺ ሰው ፊት መናገር ትችያለሽ። እኔ ከአዲሱ ላይ ዘፈኖቹን በሙሉ አጥፍቻለሁ፤ አሁን ያሉት እሱ ጋ ብቻ ነው።

ጌታ መንገድሽን ያቅናልን።

እህትሽ ሚካል