አባትሽ መሪውን የለቀቀ ዕለት

ልጄ ሪስተን፣ እግርሽ በረገጠበት ሁሉ ሰላም ይቅደምሽ። እኛ ደህና ነን። ብርዱ ግን ዘንድሮ በር አላስከፍት ብሎናል። አንቺም ሊዝበን ሙቅ ነው ብለሽ አንገትሽን ሳትሸፍኚ እንዳትወጪ።

ለገና ከካራሾክ ተነስተን ባሕሩ ዳር ወዳለው የአክስትሽ ቤት ሄድን። አባትሽ እንደ ልማዱ መሪውን ለማንም አልሰጥም አለ። ተራራው ላይ በረዶ ጠራጊውን መኪና ተከትለን በሰልፍ እየወጣን ሳለ ድንገት መኪናውን አቆመ። ከኋላ ያሉት ጡሩምባ ነፉብን።

«ምን ሆንክ ኒላስ?» አልኩት።

«የፊተኛው መኪና መብራት የታለ?»

እህትሽ ማሪት «ያውና አባዬ፣ ፊት ለፊትህ» አለችው። ለእኔም ከኋላ ወንበር ወለል ብሎ ይታየኛል።

ቀበቶውን ፈታ። «ነይ፣ አንቺ ንጂ» አላት። አርባ ዓመት አብሬው ስኖር ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። ወርዶ ከጎኔ ተቀመጠና እስክንደርስ እጄን አልለቀቀም።

በማግስቱ እዚያው አቅራቢያ ያለውን ሐይቅ በረዶ በስተን ዓሣ ስናጠምድ «ሾፌር ቀጥሬያለሁ» እያለ አክስትሽን ሲያስቃት ዋለ። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስለው ግን ወሬውን ወደ ዓሣው ያዞረዋል።

ልጄ፣ ያንቺን ቃል አይጥልም። ስትደውዪ ስለ ዓይኑ አትጠይቂው። «ለፋሲካ ስመጣ ሐኪም ቤት አብረኸኝ ትሄዳለህ» በይው፤ ላንቺ ብሎ ይሄዳል።

ፈጣሪ በዓይነ ሥጋ ያገናኘን።

እናትሽ ኢንገር