የጋሼ ጆሮ

ግንቦት 8

ለማንም አልናገረውም እንጂ... ዛሬ ደስ ብሎኛል መሰለኝ። እኔ፣ ሰው ፊት መቆም ሞቴ የሆነው! ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆምኩት ለምን ሆነና? ሰሌዳ ጋ ውጪ ሲሉኝ ጉልበቴ ይከዳኛል።

ጋሼ ገብረየስ፣ የእማዬ ታላቅ ወንድም፣ ምርጫ ሊወዳደሩ ነው። በግላቸው። ሻለቃ ናቸው፣ መድፈኛ። በጦርነቱ ጊዜ መድፉ ግራ ጆሯቸውን ጨርሶ ወሰደው፤ ከቀኙም ግማሹን። ማዳመጫ ቢገዛላቸው "ራዲዮ ይንጫጫብኛል" ብለው ጣሉት። ስለዚህ ሰው ሲጠይቃቸው እኔ በቀኝ በኩል ሆኜ ጆሯቸው ሥር እደግመዋለሁ። ለአንድ ሰው፣ ቀስ ብሎ... እሱንማ እችላለሁ።

ምልክታችን ጃንጥላ ነው። ጋሼ መድፍ ይሁንልኝ ብለው ነበር አሉ። ቅስቀሳውን የሚያግዘን ዳንኤል፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ "ጋሼ፣ ድምፅ ስጡኝ ነው የሚሉት ወይስ እጅ ስጡ?" አላቸው። ደገምኩላቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ።

ግንቦት 9

ባህል አዳራሽ አካባቢ ዞርን። ዘነበ። ጃንጥላ ተሸክመን ከከተማው ሁሉ የበሰበስነው እኛ ነን... የወረቀት ነዋ!

ግንቦት 11

ምን ነካኝ?

አሞራ ገደል ሄደን ነበር፣ ዓሣ ገበያው። ሰው ግጥም ብሏል። ጋሼ እንደ ልማዳቸው ይጮኻሉ፤ ሳይጮኹ መናገር አያውቁም። አንዲት ዓሣ የሚገፍፉ ሴትዮ ቢላዋቸውን እንደያዙ ተነሡ። እትዬ አበበች ይባላሉ።

"ሻለቃ፣ ወንድሜ እግረኛ ነበር፤ ከእርስዎ መድፍ ፊት ለፊት ነበር የተሰለፈው። የገደለው የራሳችን መድፍ ነው ይላሉ። እውነት ነው?"

ጋሼ ጆሯቸውን ወደኔ አዘነበሉ። እንዴት ብዬ ልበላቸው? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት?

"ስለ ገበያው መንገድ ነው የሚጠይቁት" አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። "እሱማ ቀላል ነው! ጭቃውን ጠርገን ኮብልስቶን እናነጥፍበታለን!"

ከኋላ ያሉት ጎረምሶች በሳቅ ፈነዱ። እትዬ አበበች አልሳቁም። ቢላዋቸውን ጠርገው ጀርባቸውን ሰጡን። ጋሼ ሰው የሳቀው ደስ ብሎት መስሏቸው እጃቸውን ያውለበልባሉ...

ግንቦት 12

ራሴን አመመኝ ብዬ ቤት ዋልኩ። አላመመኝም።

ግንቦት 14

ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ወጣ። የሰቀለው ሰው ጥያቄውን ከሥር ጽፎበታል። ጋሼ አይሰሙም እንጂ ያነብባሉ።

ጠሩኝ። ይጮኹብኛል ብዬ ነበር። ቀስ ብለው ሲናገሩ ስሰማ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

"እንደዚህ ነው ያለችኝ?"

"አዎ ጋሼ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ይሉኝታ ይዞኝ..."

ከዚያ ነገሩኝ። መድፈኛ ዒላማውን አያየውም አሉ፤ ከተራራ ማዶ ነው የሚተኩሰው። ጥይቱ የት እንደወደቀ በራዲዮ የሚነግረው ተመልካች አለ፣ ፊት የተቀመጠ። ያን ቀን ተመልካቹ በኔ ዕድሜ ያለ ልጅ ነበር። የመጀመሪያው ጥይት አጥሮ ወገን ላይ ወደቀ። ልጁ "አጥሯል" ማለት ከበደው፤ አዛዦቹ ሁሉ እያዳመጡ! "ደህና ነው" አለ።

"እኔም ደህና ነው ብዬ እዚያው ላይ ተኩሱን ደገምኩት" አሉ ጋሼ። "ደግሜ ደጋግሜ። ለሴትዮዋ እነግራታለሁ፣ ከፈለገች ቤቷ ድረስ ሄጄ።"

እማዬ በር ላይ ቆማ ኖሯል። "በሞቴ፣ ከምርጫው በኋላ ቢሆንስ?" አለች።

ዳንኤልም "ጋሼ፣ ይሄን ከተናገሩ አለቀልን" አላቸው።

"መች ጀመርንና!" አሉ፤ አሁን ጮኸው።

ግንቦት 15

ብቻዬን ሄድኩ። ማንም አልላከኝም! ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመለስኩ፣ በሦስተኛው ደረስኩ።

እትዬ አበበች ቀና ብለው አዩኝ። "አንቺ ነሽ አይደል፣ የሻለቃው ጆሮ?"

"ያን ቀን ጥያቄዎን የለወጥኩት እኔ ነኝ። እሳቸው አልሰሙም። እውነቱን ሊነግሩዎት ይፈልጋሉ፤ ከፈቀዱ ቤትዎ ድረስ ይመጣሉ።"

የያዙትን ዓሣ ገፍፈው ጨረሱ። እኔም ቆሜ ጠበቅኩ፣ ምን ላድርግ?

"ቤቴ አይምጣ" አሉ። "የሳቁብኝ እዚህ ነው። እዚሁ ይመልስልኝ፣ የሳቁትም ይስሙ።"

ከዚያ ደግሞ፣ "በልተሻል?" ብለው የተጠበሰ ዓሣ ሰጡኝ። እሾኹን እያወጡልኝ። አልቅሼ ልሞት ነበር።

ግንቦት 16

ጋሼ እሺ ብለዋል፤ ነገ ገበያው ላይ ነው። ጫማቸውን ራሳቸው ወለወሉ። ዳንኤል አኩርፎ ነበር፤ በኋላ መጥቶ የድምፅ ማጉያውን እየሞከረ "አንድ፣ ሁለት፣ አለቀልን..." ሲል ሁላችንም ሳቅን፣ እማዬም ሳትቀር። ሰው ይጠላቸው ይሆን? ይሆናል። እሳቸው ግን ዛሬ ሁለቴ እራት በሉ።

እትዬ አበበች ልከውብኛል፦ "እኔ ስጀምር እንባ ያንቀኛል፣ ልጅቷ ትጠይቅልኝ" ብለው።

እኔ... በማይክ!

ነገ ከጋሼ ጎን አልቆምም። ከእትዬ አበበች ጎን ቆሜ፣ ጋሼ ከማዶ እንዲሰሙኝ አድርጌ፣ ጥያቄውን አንድ ቃል ሳልቀንስ እጮኸዋለሁ። ጉልበቴ ቢከዳኝ ተቀምጬም ቢሆን።