ሞጣ ያኖርካት ላም

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። መነጽርህ እንደተውከው በመዝገበ ቃላቱ ላይ ተቀምጧል፤ እማዬ አቧራውን ትጠርጋለች እንጂ አታነሣውም። እኔ አንተ ታስተምርበት በነበረው የቢቸና ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆኛለሁ። ይህን ሁሉ በዝርዝር ልጽፍልህ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን የከበደኝን ላስቀድም። ሞጣ ያኖርካት ላምህ፣ ዳልቻ፣ ሞታለች።

ያለፈው ክረምት ዝናብ ነፈገን፤ በልጉም አልካሰን። ዳልቻ እንዲያረቡልህ በሰጠሃቸው በእትዬ ጥሩነሽ በረት ወድቃ ቀረች። ላሟ ያንተ፣ ወተቱና ድካሙ የእነሱ፣ ጥጃው የጋራ ብላችሁ ነበር የተዋዋላችሁት። አሁን መንግሥት በድርቁ ከብት ላለቀባቸው አርቢዎች የገንዘብ ድጋፍ እየሰጠ ነው። የቀበሌው ኮሚቴ የዳልቻን ድጋፍ ለማን እንደሚሰጥ አልቆረጠምና ወራሽህን ጠየቀ፤ ከጠየቅሁ ለእኔ፣ ከተውኩት ለአሳዳሪዎቿ።

እውነቱን ልንገርህ፤ ገንዘቡ አላጓጓኝም። ያንገበገበኝ የእትዬ ጥሩነሽ ልጅ ሰርካለም ልትወስደው መሆኑ ነው። ዕድሜዋ የእኔው ነው። አንተ ግን ከሞጣ በተመለስክ ቁጥር ስለ እሷ ስታወራ ዓይንህ ይበራ ነበር፤ ጥጃ በእጇ ማዋለዷን፣ የከብት ሕመም ከትንፋሹ መለየቷን። ከክፍሌ አንደኛ በወጣሁበት ቀን ካርዴን አይተህ «ጥሩ ነው» አልክና እሷ ወደላከችው ቅቤ ዞርክ፤ አሽትተህም «እጅ ማለት ይህ ነው» አልክ። ታመህ በተኛህ ጊዜ እንኳ ለብ ያለ አጓት እንደምትወድ የነገረችን እሷ ናት። ዕድሜዬን ሙሉ አብሬህ ኖሬ ይህን አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ማመልከቻዬን ጻፍኩ፤ በእጅህ የተጻፈውን ውል ይዤም ሞጣ ሄድኩ። በውሉ መሠረት ከብት ሲሞት አሳዳሪው ቆዳውን ለባለቤቱ ያሳያል፤ ተሽጦ ሞተ እንዳይባል። ያን አንቀጽ አውቶቡስ ውስጥ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ቆዳው እንዲታጣ ተመኘሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ሰርካለም ደጃፍ ላይ አገኘችኝ። «የመምህር ልጅ! ግቢ እንጂ፣ ምነው እንደ ግብር ሰብሳቢ በር ላይ ተገተርሽ?» አለችኝ። ገብቼ ሳልቀመጥ ቆዳውን ጠየቅኩ። ጥቂት አየችኝና «ቀና በይ» አለች።

ቀና አልኩ። ከጎጆው ክዳን እኩሌታው ሣር የለውም፤ በማገሩ መካከል ሰማይ ይታያል። ከእትዬ ጥሩነሽ መደብ በላይ የዳልቻ ቆዳ ተወጥሮ ታስሯል። ሰርካለም እንደነገረችኝ፣ ድርቆሹ ሲያልቅ የቤታቸውን ክዳን እየነቀሉ አብልተዋታል። የራሳቸው ጊደር ቀድማ ሞታለች፤ የአደራ ከብት ይቅደም ብለው ሣሩን ለዳልቻ ሰጥተው። እትዬ ጥሩነሽ ከተጋደሙበት «ልጄ፣ ይውረድ ካልሽ ይወርዳል፤ ያባትሽ ነው» አሉኝ።

አባዬ፣ ያኔ ቅናቴ የበረደ እንዳይመስልህ። ባሰብኝ። እኔ ለአንተ ምን ነቅዬ ሰጥቼ አውቃለሁ? ይሁን እንጂ ቅናት ማስረጃ አይሆንም። ማመልከቻዬን ከቦርሳዬ ሳላወጣ ቀበሌ ሄድኩ፤ የባለቤትነት ጥያቄ እንደሌለኝ፣ ድጋፉም ለእትዬ ጥሩነሽ ቤት እንዲሰጥ ጽፌ ፈረምኩ። የኮሚቴው ጸሐፊ «እህቴ፣ አስበሽበታል?» አለኝ። አስቤበታለሁ አልኩት።

ሰርካለም እስከ መናኸሪያ ሸኘችኝ። በመንገድ ላይ፣ ዳልቻ ስትታለብ አጠገቧ ቁጢጥ ብለህ ታንጎራጉርላት እንደነበር ነገረችኝ። «ድምፁማ አያምርም ነበር፤ ላሟ ግን ወተቷን ትለቅለት ነበር» ብላ ሳቀች። በቤታችን አንድም ቀን አንጎራጉረህ አታውቅም። ጆሮዬን ልደፍን ቃጣኝ፤ ከዚያ ግን ምን እያልክ ታንጎራጉር እንደነበር ጠየቅኋት። አውቶቡሱ ሊነሣ ስለሆነ አልጨረሰችልኝም።

በሚመጣው ወር ተመልሼ እሄዳለሁ፤ ከዚያም በኋላ እመላለሳለሁ። ያላየሁትን ኑሮህን ያየችው እሷ ናት። እየቀናሁ እጠይቃታለሁ፤ የምትነግረኝንም አንድ ሳላስቀር እይዘዋለሁ። እኩሌታህን ብቻ እያስታወስኩ መኖር አልሻም።

ልጅህ ሕይወት