ጣራ የሌለው ግንብ ላይ የተጣለችው ጥርስ

ረቡዕ

የልጄ የቃል ጥርስ ወለቀች። የሽንብራ ቆሎ ስትቆረጥም፣ ቁስቋም፣ ከእቴጌይቱ አሮጌ ግንብ አጠገብ፣ ወይራ ጥላ ሥር ሰሌን አንጥፈን ተቀምጠን ሳለ። ሳምንቱን ሙሉ ስትወዛወዝ የከረመች የላይኛው የፊት ጥርስ ነበረች። ቃል ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከዚህ በፊት ጥርስ ወልቆባት አያውቅም። ልታለቅስ ከንፈሯን አዘጋጅታ ነበር፤ አባቷ ቀደማት።

ባለቤቴ መስፍን እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ድምፁን ያወፍራል። «ልጄ፣ የሰው ልጅ ሁሉ ጥርሱን ቆርቆሮ ላይ ነው የሚጥል። አንቺ ግን የእቴጌ ግንብ ላይ ትጥያለሽ!»

ለቅሶው ቀረ። እኔም፣ መቼም ልጅ ዝም ያሰኘን ሐሳብ አልቃወምም፣ ደገፍኩት። ክርክር የተነሳው ጥርሷን ማን ይወስዳታል በሚለው ላይ ነው። መስፍን የአምባ ጊዮርጊስ ገጠር ልጅ ስለሆነ ቁራ ነው ይላል። እኔ ከተማ ያደግሁ ነኝ፤ አይጥ ናት። በዚህ ጉዳይ ቃል ሳትወለድ ጀምሮ ስንከራከር ኖረናል። ዛሬ በእናት ድምፅ አይጥ አለፈች።

መስፍን ትከሻው ላይ አቆማት። «አይጥ አይጥ፣ ያረጀውን ውሰጂ፣ አዲሱን አምጪ!» ብላ ወረወረች። ጥርሷ ግድግዳውን ተሻግራ ሄደች። አጨበጨብን።

ከዚያ ያሬድ፣ የአሥር ዓመቱ ወንድሟ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ቆየና «እማዬ፣ ግንቡ እኮ ጣራ የለውም» አለ።

ሁላችንም ቀና አልን። የለውም። ሰማይ ነው። ጎንደር ተወልጄ፣ ጎንደር ተድሬ፣ የሰርግ ፎቶዬን እዚሁ ግንብ ፊት ተነስቼ፣ ጣራ እንደሌለው ልብ ያልኩት ዛሬ ነው።

ሐሙስ

ቃል አፏን በመዳፏ ሸፍና ነቃች፤ እንደ ሸፈነች ቁርስ ቀረበች። ክርክሯ እንዲህ ነው፦ አይጥ የምትኖር ጣራ ውስጥ ነው። ጣራ ከሌለ አይጥ የለችም። አይጥ ከሌለች ጥርስ የለም። ሁለት ወላጅ፣ ሁለቱም የተማርን፣ ሻይ እስኪቀዘቅዝ ፈለግን፤ ቀዳዳ አጣንበት።

መስፍን ቁራውን መልሶ ሊያስገባ ሞከረ። «ቁራ ጣራ አይፈልግም፤ ዛፍ ላይ ነው የሚያድር።»

«እኔ የጠራሁት አይጥ ነው» አለች፣ በጣቶቿ መሀል።

«ወላቃ!» አላት ያሬድ። ጆሮውን ያዝኩለት። ጆሮው እጄ ላይ እንዳለ «ምነው፣ የኛ ኮርኒስ ውስጥ ስንትና ስንት አይጥ አለ አይደል?» አለ። ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ ወንፊት ሊመልሱ በር ላይ ቆመው ነበር። በቤቴ አይጥ የሚባል ነገር እንደሌለ ጮክ ብዬ አስታወቅሁ። የአይጥ ወጥመዴ ቁም ሳጥኑ ላይ ነው፤ እሳቸው ደግሞ አጭር ናቸው፣ አይታያቸውም።

«ሰኞ ትምህርት ቤት አልሄድም» አለች ቃል።

«እስከ መቼ?»

«እስከ ጥርሴ።»

እረፍታቸው እሑድ ያልቃል። ስለዚህ ተመልሰን ወደ ቁስቋም። ግንቡ ውስጥ በጉልበታችን ሄድን። የተገኘው፦ የለስላሳ ክዳን፣ የሙሽራ ፀጉር መያዣ፣ የፍየል በጠጥ፣ የአንድ እግር የሕፃን ካልሲ፣ እሾህ (መስፍን አገኘው፣ በተረከዙ)። ጥርስ የለም።

ጥበቃው አያ ዘለቀ ዱላቸውን ተደግፈው ብዙ ካዩን በኋላ «ምነው፣ ምን ጠፋባችሁ?» አሉ።

«ጥርስ።»

«የማን?»

«የልጅቱ።»

«ተመስገን» አሉ። «የእቴጌይቱ ከሆነ ደብዳቤ ሳይኖራችሁ አላስፈትሽም ልል ነበር።» ከዚያ ዱላቸውን ጥለው አብረውን ተንበረከኩ።

ቃል አልሳቀችም። ስትስቅ ማየት ለምጄ ኖሮ፣ ዝም ስትል ቤቱ ሁሉ የሰው ቤት መሰለኝ።

ዓርብ

ወደ ማጭበርበር ገባሁ። ከበቆሎው ከረጢት ነጯን ፍሬ መርጬ በጥፍር ሞረድ ቅርጽ አወጣሁላት። ከልፋቴ ብዛት አማረችብኝ፤ የጥርስ ሐኪም ብሆን ያልፍልኝ ነበር። ያሬድ ግንቡ ውስጥ ሣር ሥር ጥሎ «አገኘሁ!» ብሎ እንዲጮህ በብስኩት ተዋዋልን። ጮኸ። እንደውም አበዛው፤ ወፎቹ ከጥዱ ላይ ተነሡ።

ቃል ፍሬዋን ወሰደች። ወደ ብርሃን ያዘቻት። አሸተተቻት።

«ይሄ በቆሎ ነው።»

መስፍን ሩቅ ያለ ዛፍ ማድነቅ ጀመረ። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ክንዴን መታ መታ አድርጋ «ግድ የለም እማዬ» አለችኝ፤ ልክ ክትባት ስትወጋ እኔ እንደምላት። ቁጣዋ ይሻለኝ ነበር።

ድንችና ሽሮ ፍትፍት ይዘን ሄደን ነበር። ቃል በአንድ ጎን ብቻ አኝካ ተወችው። ለምን በአንድ ጎን? ብዬ አልጠየቅሁም፤ የተያዘ አጭበርባሪ ጥያቄ አያበዛም።

ቅዳሜ

ጠዋት ቁም ሳጥኑ ላይ ጧ! አለ።

ያሬድ ወንበር ላይ ወጥቶ አየና «ያዘ! እማዬ፣ ያዘ! ትልቅ ነው!» ብሎ አወጀ። ሌላ ቀን ቢሆን ድል ነበር፤ ከመስቀል ጀምሮ ስጠብቃት የኖርኩ አይጥ ናት። ቃል ከመኝታ ቤት ወጣች። ወጥመዱን አየች። እኔን አየች። እጇን ከአፏ ሳታነሳ «ጥርስ የምታመጣዋ ናት?» አለች።

መስፍን ተሽቀዳድሞ «አይደለችም፤ ይቺ ዱቄት የምትሰርቀዋ ናት» አለ። በዚህ ቤት ፈጣን መልስ ስሰማ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እንደዚህ ያለ አልሰማሁም።

«ሌላ አለች?»

እንግዲህ አስቡት። ለእትዬ ሙሉ፣ ለአከራያችን፣ ለእናቴ፣ አይጥ የለም ስል የከረምኩ ሴት፣ በልጄ ፊት ቆሜ «ሞልቷል የኔ እናት፣ ኮርኒሱ ሙሉ አይጥ ነው» ብዬ ማልሁ።

«የታለ ድምፃቸው?»

አዳመጥን። ጸጥ። ሌላ ጊዜ ፈረስ የሚጋልቡ ይመስላሉ። ዛሬ ሐዘን ተቀምጠዋል መሰል።

ከሰዓት በኋላ ምስጢሩ ወጣ። ቀጥላ ያለችው ጥርሷም ትወዛወዛለች፤ ከሐሙስ ጀምሮ ደብቃብናለች። «ይቺም እንዳትባክን» አለች። ሁለተኛ አላጠምድም ብዬላት ወጥመዱን አንስቼ ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩት።

እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ቁስቋም እንሂድ ያለችው ራሷ ናት። ለመፈለግ አይደለም። ጥርሷ አልፋበታለች ካለችው ግድግዳ ሥር፣ በውስጥ በኩል፣ ሦስት ድንጋይ ደራርባ ቆመች። አያ ዘለቀ መጥተው አዩ።

«ምንድን ነው ይሄ፣ ልጄ?»

«ምልክት።»

«ሸጋ ነው» አሉ፤ አንዱን ድንጋይ ትንሽ አቃኑላት። «የሚነካው የለም። የሚነካው ካለም በኔ በኩል ነው የሚያልፍ።»

ቤት ስንደርስ የምትወዛወዘውን ጥርሷን ራሷ ነቀለቻት። አባቷ ትከሻ ላይ ወጣች። በዚህ ጊዜ ሁላችንም አስቀድመን ቀና ብለን አየን፤ ጣራ አለ፣ ቆርቆሮ፣ የዛገ ቢሆንም ሙሉ።

«አይጥ አይጥ፣ ይቺን ውሰጂ። አንዷ ቁስቋም ናት። ግንቡ ውስጥ፣ ሦስት ድንጋይ ያለበት ጋ። እዚያ ጣራ የለም፤ ዝናብ ሳይመጣ ሂጂ።»

ወረወረች። ጥርሷ ቆርቆሮው ላይ ቀጭ ቀጭ እያለች ተንሸራታ አሸንዳው ውስጥ ቀረች።

«አሸንዳ ጣራ ነው?»

መስፍን ድምፁን አወፈረ። «አሸንዳ ከጣራ አይለይም።»

አልሳቀችም፤ ግን አልተከራከረችም። ቴሌቪዥኑን አጥፍተን ኮርኒሱን ስናዳምጥ አመሸን። ዝም። እኔም በልቤ፣ አምላኬ፣ አንዲት ብቻ፣ ቀጭንም ትሁን አልሁ።

ሰኞ

ዩኒፎርሙን ወንበር ላይ አድርጌ፣ ልበሺ ሳልል፣ ሻይ ቀዳሁ። ቃል እጇን አፏ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ቦርሳዋን አልነካችም።

ከላያችን ኮሽ አለ።

ሁላችንም ቀና አልን። ኮሽ ኮሽ፣ ከዚያ ከጓዳ በላይ እስከ በሩ በላይ ድረስ አንድ ሩጫ።

«ወጣች» አለ መስፍን በቀስታ። «መንገድ ጀመረች።»

«ቁስቋም አቀበት ነው እኮ!» አለች ቃል። እጇ ወረደ። ሳቀች፤ ሁለት ጥርስ የሚያህል ክፍት በር፣ ምላሷ እስኪታይ።

«ወላቃ!» አለ ያሬድ።

«አይጧ ተልካለች!» አለችው፣ ዩኒፎርሙን በግልባጭ እየለበሰች።

ሄዱ። ጥርሱ መቼ እንደሚመጣ አላውቅም፤ አሸንዳውንም አልፈተሽኩም። ወጥመዱ ሣጥን ውስጥ ነው፣ ቃሌን አላጥፍም። የጤፍ ዱቄቱን ግን በገመድ አስሬ ከፍ አድርጌ ሰቅዬዋለሁ። ውላችን ስለ ጥርስ ነው።