የቦክሰኛው እናት

ዓርብ፣ ጥር 14 ቀን 1996፣ ካርቱም ሁለት ሰፈር፣ ሱዳን

ደክሞኛል። ከጎረቤት የተዋስኳቸው ወንበሮች እንደተዘረጉ ናቸው፤ የመመለስ አቅም የለኝም።

ምግብ ቤቴ ውስጥ ዲሽ ካስተከልኩ ጀምሮ ቦክስ ወዳዱ እኔ ብቻ ነበርኩ። ዓርብ ዓርብ ከሀብታሞቹ ሰፈር ከካፉሪ፣ ከሰው ቤት ሥራቸው ፈቃድ ወጥተው እኔ ጋ የሚበሉት ሴቶች ቻናል ቀይር እያሉ ያደርቁኝ ነበር። የወሎዋ ዘይነባማ "ዱላ ማየት ካማረኝ ጠብ ወደማይጠፋበት ማዮ ሰፈር ወርጄ አያለሁ" ትለኝ ነበር።

በኋላ ጣቢያው ብልሃት አገኘ። ግጥሚያው ሁለት ወር ሲቀረው የአንዱን ቦክሰኛ ኑሮ በየሳምንቱ ያሳይ ጀመር። እናቱ የሰው ልብስ አጣቢ ናት። እሷን ገንዳዋ ላይ አጎንብሳ ስታጥብ ያሳዩ ዕለት ሴቶቹ መብላቱን ትተው ቀና አሉ። ከዚያ ወዲያ "ልጃችን" ሆነ። ዘይነባ ዱዓ ታደርግለታለች። እኔ በሦስት ዓመት ያልቻልኩትን አንዲት የልብስ ገንዳ አደረገችው።

ዛሬ የግጥሚያው ቀን ነበር፤ ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ልጁ ወደ መድረኩ ሲወጣ ስክሪኑ ጠቆረና ለማየት የክፍያ ካርድ ግዙ የሚል የአረብኛ ጽሑፍ መጣ። በነፃ አስለምደው በሩን ዘጉብን። ካርዱ በኔ አቅም የሚታሰብ አይደለም።

"ማአሌሽ፣ ይቅርታ" አልኳቸው። አንዳቸውም አልተቆጡኝም፤ የከበደኝም እሱ ነው። ቀስ እያሉ ወጡ።

ዘይነባ መጨረሻ ላይ ቀረች። ሻሿን እያስተካከለች በሩ ላይ ቆም አለች።

"ጋሼ፣ እናቱስ ካርዱን ከየት አምጥታ ታየዋለች?"