ያላየችውን ምኑን ትተወው

ለተከበሩ ወንድም ጋሼ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰቡ፣ ሱቁ፣ ልጅዎ ፈይሩዝስ? የጉልበትዎ ሕመም ቀለል አለልዎ? እኛ አልሐምዱሊላህ፤ ዝናቡም መርሳ ላይ በጊዜው ገብቷል።

ሾፌሩ ተፈራ የላኩትን ቀሚስ ከነመልእክትዎ ከወልዲያ አድርሶልኛል። ከባሏ ከተፋታች ወዲህ እኔ ጋር ያለችውን እህታችንን ናጅዋን፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌ ፊት አስቀምጬ፣ ቀሚሱን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጌ፣ «የአባቴን መሬት ለወንድሞቼ ትቻለሁ፣ ሐላል ይሁንላቸው» እንዳስብላት ነበር። እህት ካልተወች የወንድም በር ይዘጋባታል ይባላል። ወጉን አውቃለሁ።

አላደረግሁትም። ከሰው ከሚሰሙት ከኔ ይስሙት ብዬ ነው የጻፍኩ።

ናጅዋ አንገቷን ደፍታ ልትጀምር ስትል፣ «ቆይ እህቴ፣ ያላየሽውን ምኑን ትተዪዋለሽ?» አልኳት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሼህ ኡበይደላ ሳቁ። «ይኼ ሰውዬ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ጠበቃ ወጥቶታል» አሉ። እኔም ቁርኣን ያቀሩን እሳቸው መሆናቸውን አነሳሁና፣ ለኛ ለወንዶቹ ሁለት ሁለት እጅ፣ ለሷ አንድ እጅ ይገባ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አልካዱም።

ሁሉንም ይዤ ማሳው ወረድኩ። በገመድ ለክቼ፣ ከቦዩ ዳር፣ ውኃ ቀድሞ ከሚጠጣው፣ እኔ ከማርሰው ላይ ቆረጥኩላት። የወሰን ድንጋይም ተከልኩ። አሁን አይተሽዋል፣ ልትተዪ ብትፈልጊ ተዪ አልኳት።

ጫማዋን አውልቃ መሃሉ ላይ ቁጭ አለች። «እስቲ ትንሽ ልቀመጥበት» አለች።

ሽማግሌዎቹ ጠበቋት። ዐስር ደርሶ እዚያው ሰገድን። አልተነሳችም።

መቼም ሴት መክራው ነው ይሉ ይሆናል። የመከረችኝስ በኖረች። ባለቤቴ አሚና፣ አላህ ይዘንላትና፣ ሕመሙ የጠናባት ጊዜ ወንድሟ ቤት ሆና እንድትታከም ለመንኳት፤ ሆስፒታሉ ለሱ ቅርቡ ነው። «ከዚያ በር ቀሚስ ተቀብዬ ወጥቻለሁ» አለችኝ። እኔም እዚሁ አስታመምኳት።

ቀሚሱን በተፈራ እጅ መልሻለሁ። አንቱ ታላቄ ነዎት፤ ቢረግሙኝም ጉልበትዎን እስማለሁ። ድንጋዩን ግን አልነቅልም። ናጅዋ ጤፍ ዘርታበታለች። ለአጨዳ ይምጡ፤ በሯ አይዘጋብዎትም።

አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ ሱቅዎንም በረካ ያድርግልዎ። ፈይሩዝን ከዱዓዬ አልለያትም። እሷም ወንድሞች አሏት።

የእህትዎ ወንድም